አርባ ሰባት እጅ፣ አንድ ካርቶን

የጋሼ ጀማነህ ጎሹን ፊት ከፍቶ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የዚያን ቀን ደግሞ እኔ አንድ ነገር ደብቄው ነበር። የምጽፈው ስለ እሱ ነው እንጂ ስለ እኔ አይደለም፤ ግን እኔ ሳልገባበት ታሪኩ አይሞላም።

መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቅ። ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ኮለምበስ ዳር፣ ብሌንደን ታውንሺፕ ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ቆሞ ወንበር የሚያሳየው፣ በብርዱ ወራት ሰው ሳይመጣ በፊት የመኪና ማቆሚያውን በረዶ የሚጠርገው እሱ ነው። አንቱ ሲሉት አይወድም፤ «አንቱታውን ለቀብሬ አስቀምጡልኝ» ይላል። ስለዚህ እኔም ጋሼ እያልኩ፣ ግን «እሱ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

በዲቪ ኮለምበስ የገባው የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ነው። ከአንድ መጋዘን ወደ ሌላ መጋዘን ሲዞር ቆይቶ በብላክሊክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጽዳት ሥራ አገኘ። ይህ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ነው፤ ዶርም የለውም፣ የእግር ኳስ ቡድን የለውም፣ ተማሪው ከሥራ ወጥቶ መኪናውን አቁሞ፣ ሦስት ሰዓት ተምሮ፣ መኪናውን አስነስቶ ቤቱ የሚገባበት ነው። ጋሼ ጀማነህ እዚያ በገባ በሁለተኛው ወር፣ ለሠራተኛ ትምህርት በነፃ እንደሚሰጥ የሚናገር አንድ ወረቀት ከግድግዳ ላይ ሲያጸዳ አነበበ። ወረቀቱን መልሶ ለጠፈና ሄዶ ተመዘገበ።

አንድ መንፈቅ አንድ ትምህርት፣ አንዳንዴም ዕረፍት። አሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። አልጀብራን ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ያለፈው በሕንፃው ምድር ቤት ባለችው ቢ-14 በምትባል ክፍል ውስጥ ነው። ቢ-14 ሥራ ውለው ለሚመጡ ተማሪዎች ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ክፍት ሆና ሒሳብ የምታስረዳ ክፍል ናት። ሚስስ ኬስለር የምትባል ጡረተኛ አስተማሪ አለች፤ አንድን ነገር አምስት ጊዜ ብትጠይቋት አምስቱንም ጊዜ መጀመሪያ እንደተጠየቀች ሆና ትመልሳለች። እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከብላክሊክ ስቴት ከተመረቅነው ሁሉ፣ በዚያች ክፍል ያላለፉት ቢቆጠሩ ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም።

ጋሼ ጀማነህ ሲመረቅ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ጋውኑን ለብሶ ቤተ ክርስቲያን መጣና ተጸለየለት። ሰኞ ንጋት ላይ ወደ መጥረጊያው ተመለሰ። ሰዎች፣ እኔን ጨምሮ፣ ለምን የተሻለ ሥራ አትፈልግም እያልን አሰልችተነዋል። መልሱ አንድ ነው፦ ዲግሪው ለጭንቅላቱ ነው፣ መጥረጊያው ለእጁ፣ ሁለቱ ደግሞ ተጣልተው አያውቁም። እስከ ዛሬ በየጧቱ ቢ-14ን ሲያጸዳ ሚስስ ኬስለር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትታው የሄደችውን ስሌት ሠርቶ ካልጨረሰ አያጠፋውም።

አሁን ወደ እኔ ጠማማነት እንምጣ። ስሜ ነጋ ምንያህል ነው። እኔም የብላክሊክ ስቴት ምሩቅ ነኝ። በመጨረሻው መንፈቅ መኪናዬ ላይ ሦስት ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወረቀት ለጠፉብኝ፤ አንደኛው ፈተናው ሰዓቱን አልፎ ሲያስቆየኝ የመጣ ነው። አልከፍልም አልኩ። የምረቃው ዕለት መድረክ ላይ ወጥቼ፣ የዩኒቨርሲቲውን ፕሬዚዳንት እጅ ጨብጬ፣ የተሰጠኝን ማህደር ስከፍተው ባዶ ነበር። ውስጡ ቅጣቱን ከፍዬ ዲፕሎማዬን እንድወስድ የምትናገር ትንሽ ወረቀት ብቻ። እናቴ ከአገር ቤት በስልክ እያየችኝ ነበር፣ ማህደሩን ገልጬ ላሳያት አልቻልኩም። ያቺን ቂም እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም።

ከዚያ ወዲህ የዩኒቨርሲቲው የእርዳታ መጠየቂያ ደብዳቤ ሲመጣ ሳልከፍት ወደ ቆሻሻ እወረውራለሁ። ደብዳቤው ራሱ ያናድደኛል። «ውድ ሚስተር ምንያህል» ይላል። ምንያህል አባቴ ነው። አባቴ በሕይወት የለም፤ ኮለምበስንም አይቶ አያውቅም። ባለቤቴ ወሰንየለሽ አንድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ስንለባብስ ደብዳቤውን ስወረውር አየችኝና «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላኝ መኪና ውስጥ ገባች።

ለጋሼ ጀማነህም እንዲሁ «ውድ ሚስተር ጎሹ» እያለ ይመጣለታል። እሱ ግን አንዱንም ጥሎ አያውቅም። ሬይኖልድስበርግ ያለው ቤቱ ሄጄ አሳይቶኛል፤ በቀን በቀናቸው ደርድሮ በአንድ መሳቢያ አስቀምጧቸዋል። አባቱ ጎሹ የሰው ከብት ጠባቂ ሆኖ ያደገ፣ አንድ ቀን ክፍል ገብቶ ያልተቀመጠ ሰው ነበር። «ዩኒቨርሲቲ ለአባቴ በዓመት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ይጽፍለታል፣ ኩሩ ምሩቃችን ይለዋል፤ ይሄን የሚጥል ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አለኝ።

ባለፈው መጋቢት ጋሼ ጀማነህ የቢ-14ን በር ሲወለውል አዲስ ማስታወቂያ አየ። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ ክፍሏ ትዘጋለች ይላል። በዚያው የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ወደ ምሩቃን ጉዳይ ቢሮ ወጣ። እዚያ ሄራን የምትባል የእኛ አገር ልጅ ትሠራለች፤ እዚሁ ኮለምበስ፣ ዋይንላንድ ፓርክ ሰፈር ያደገች፣ አማርኛዋን ከእንግሊዝኛ ጋር ቀላቅላ የምትናገር ቀና ልጅ ናት።

ሄራን ነገሩን እንዲህ አስረዳችው። ሀብታሞቹ ዩኒቨርሲቲዎች መቶ ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙት ጥሪት አላቸው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ከወለዱ ላይ ይቆነጥራሉ። ብላክሊክ ስቴት ጥሪት የለውም፤ የመንግሥት በጀት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚዘጉት እንደ ቢ-14 ያሉት ናቸው። አንድ ባለሀብት ግን ክፍሏን ለአምስት ዓመት ሊያኖራት ቃል ገብቷል፣ በአንድ ሁኔታ፦ በማታ የተማሩ መቶ ምሩቃን ከኪሳቸው አንድ ነገር መስጠት አለባቸው። «ልጆቹ ያልረዱትን ቤት እኔ ለምን እረዳለሁ» ነው ያለው። «አማውንቱ ኢሹ አይደለም ጋሼ፤ አንድ ዶላርም ቢሆን ካውንት ያደርጋል። የሰው ነምበር ነው የሚፈልገው» አለችው። ከመስከረም ጀምራ ስልክ ስትደውል ያገኘችው ሃምሳ ስምንት ሰው ብቻ ነው።

ሌላው ለምን እንደማይሰጥ ሄራን በቃሏ ታውቀዋለች። አንዱ የትምህርት ብድሩን ገና እየከፈለ ነው። አንዱ ግብር እከፍላለሁ፣ የመንግሥት ቤት ነው፣ መንግሥት ይርዳው ይላል። አንዷ እዚያ አራት ዓመት ተምራ አንድ ጓደኛ አላፈራችም፤ ከመኪና ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ መኪና። ስለ መኪና ቅጣት የሚያነሱት ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ይህን ስሰማ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ደስ አለኝ። የእኛ አገር ሰዎች ደግሞ የአባታቸው ስም ሲጠራ ስልኩን ይዘጉታል።

ጋሼ ጀማነህ ይሄን ሁሉ ሰምቶ ሳቀ። አርባ ሁለት ሰው ነው የጎደለሽ? አላት። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ የሚጸለይላቸውን ምሩቃን ስም በመዝገብ ትይዛለች፤ መዝገቡ ያለው ደግሞ እሱ ጋ ነው። ከብላክሊክ ስቴት ከራሱ ጋር አርባ ሰባት ሰው ቆጠረ። እኛ ሰዎች ለሰው ስንሰጥ ማን ይችለናል? አንድ ሰው ሲሞትብን አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ የሚበቃውን ገንዘብ ሁለት ቀን ሳይሞላ እንሰበስባለን። ለሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ያለውን ሲሰበስብ የኖረው ደግሞ ራሱ ጋሼ ጀማነህ ነው።

እናም የለመደውን አደረገ። አርባ ስድስታችንንም አንድ በአንድ አናገረን፣ ሁላችንም እሺ አልን። በሚቀጥለው እሑድ የጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ቀዳዳ አበጅቶ በር ላይ ቆመ። ቀዳዳው እጅ ያስገባል፣ ማንም ምንም አያይም። ቀኝ ሲሰጥ ግራ አይወቅ ተብለን ያደግን ነን፤ ስማችን ከፍ ብሎ እንዲጻፍ መፈለግ እንደ ፈሪሳዊ ያስቆጥራል። እሱም ማን ስንት እንደሰጠ እንዳያይ ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ነበር የያዘው።

የእኔ ተራ ደረሰ። መንገዱን ሁሉ እሰጣለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት። ካርቶኑ ጋ ስደርስ ያ ባዶ ማህደር ትዝ አለኝ። ባዶ እጄን ጨብጬ አስገባሁ፣ ዘርግቼ አወጣሁ። «ይባርክህ» አለኝ ጋሼ ጀማነህ፣ ፊቱን እንዳዞረ።

ሐሙስ ዕለት መኪናው ጋራዥ ስለገባች ወደ ሄራን ቢሮ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ሙሽራ እየሳቀ ሄደ። እኔ ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። ሄራን ካርቶኑን ስታይ አቀፈችው፣ ወዲያው ግን ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ኔሞቹስ?» አለችው።

አርባ ሰባት ሰው ነው አላት። ማን ማን እንደሆነ ሲነግራት እያንዳንዱ ሰው የራሱን ካርድ ሞልቶ፣ ስሙን፣ የተመረቀበትን ዓመትና ፊርማውን ማስቀመጥ አለበት አለችው። ስም የሌለው ገንዘብ አንድ ላይ ሲመጣ በመዝገቡ የሚገባው እንደ አንድ ሰው ነው። ካርቶኑን ጭኖ ያመጣው ሰው፣ ማለትም እሱ። ቀነ ገደቡ ደግሞ ሰኞ ቀትር ነው።

ያን ጊዜ ነው ፊቱ የከፋው። ሃያ ዓመት የሠራበት ዘዴ በጁ ላይ ከሸፈበት። ሄራንም ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ቀድሜ ልነግርህ ይገባ ነበር እያለች ራሷን ወቀሰች። እሱ የኔ ልጅ ምን አጠፋሽ፣ እኔ ነኝ አላት። ካርዶቹን ተቀበለና ወጣን። መኪና ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን የዚያን ቀን ሲነቅዝ ተሰማኝ።

ሐሙስ ማታና ዓርብ ስልክ ሲደውል ዋለ። አብዛኛው ሰው ገንዘብ ድጋሚ ቢጠየቅ ይሻለው ነበር። ስሜ እንዳይጻፍ ብዬ ነው የሰጠሁት፣ ጌታ ያውቀዋል፣ ይበቃኛል ይላሉ። አንዷ እህት እንደውም ስሜ ከሚወጣ ገንዘቡን መልስልኝ አለችው። ለእኔም ደወለልኝ። አስብበታለሁ አልኩት። ለእሱ እንደዚያ ማለቴ እስከ አሁን ያሳፍረኛል።

እሑድ ከስብከቱ በኋላ ፓስተራችን ወንድም ጀማነህ አምስት ደቂቃ ጠይቋል አለ። ጋሼ ጀማነህ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ቦታው በር ላይ ነው። የአርባ ሰባታችንን ስም የጻፈበትን ወረቀት ይዞ ወጣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ማይኩን አልነካውም።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ቀኝ ሲሰጥ ግራ አይወቅ ብላችሁ ስማችሁን እንደደበቃችሁ አውቃለሁ። ለድሃ ስትሰጡ እንደዚያው አድርጉ። ይሄ ግን ምጽዋት አይደለም፤ ስም መጥሪያ ነው። አስተማሪ ስም ሲጠራ፣ እኔ ትሑት ነኝና አቤት አልልም የሚል ተማሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አቤት ያላለ ቀሪ ነው የሚባለው። እዚያ ቤት መዝገብ ላይ እኛ ሁላችን ቀሪ ተብለን ተጽፈናል። እኔ ደግሞ ሁላችሁንም እዚያ አይቻችኋለሁ፤ የተቀመጣችሁበትን ወንበር የወለወልኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ መጥራት ጀመረ። የዩኒቨርሲቲው ካርድ የአባት ስም ስለሚያስቀድም እሱም እንደተጻፈው ነው ያነበበው። «ሀይሉ፣ ሰሎሜ» አለ። ሰሎሜ ከአረጋውያን መጦሪያ ሥራዋ በቀጥታ ነበር የመጣችው፤ ገንዘቤን መልስልኝ ያለችውም እሷ ናት። ቦርሳዋን ከጭኗ አወረደች። በኋላ እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ ተነስታ «አቤት» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ስም ይጠራል፣ አንድ ሰው ከወንበሩ ይነሳል፣ አቤት ይላል፣ ከኋላ ጠረጴዛ ሄዶ ካርዱን ይሞላል። ልጆች ወላጆቻቸው እንደ ተማሪ ሲነሱ እያዩ በስልክ ይቀርጿቸዋል። አንዳንዱ ሲነሳ ከጎኑ ያለው፣ አንተም እዚያ ነበርክ እንዴ፣ ሲለው እሰማ ነበር። አራት ዓመት በአንድ ሕንፃ ተምረው ያልተዋወቁ ሰዎች ናቸው።

«ምንያህል፣ ነጋ።»

አባቴ ከእኔ ቀድሞ ተጠራ። ወሰንየለሽ ዞር ብላ አየችኝ፤ ሰጥቷል ብላ ስለምታምን በኩራት ነው ያየችኝ፣ እሱ ባሰብኝ። ቢ-14 ትዝ አለችኝ። ዛሬ በመጋዘናችን ዕቃ ከመጠቅለል ወጥቼ የሠራተኛውን ፈረቃ የማወጣው እኔ ነኝ፣ ያን ሥራ ያገኘሁት በዚያ ዲግሪ ነው፣ ያን ዲግሪ ያገኘሁት ሚስስ ኬስለር አንዱን ነገር አምስት ጊዜ ስለነገረችኝ ነው። ቅጣቱን የለጠፉብኝ ሌሎች፣ ያስተማረችኝ ሌላ። ይህን ለመለየት ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

ተነሳሁና «አቤት» አልኩ። ከሌላው ሰው ሁሉ ድምፄ ጮኸ።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ሁሉም ያበቃ መስሎት መነሳሳት ጀመረ። ጋሼ ጀማነህ ግን እጁን አነሳ። አንድ ቀርቷል አለ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋና «ጎሹ» ብሎ ቆመ። የቀረውን ስም ማንበብ አቃተው። መሳቢያውን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩና ማን እንደተጠራ የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አስባለሁ። መነጽሩን አውልቆ፣ በጣም ቀስ ብሎ «አቤት» አለ።

ከፕሮግራሙ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቅኩት። ያልሰጠሁትን እጥፍ አድርጌ በእጁ አስጨበጥኩትና ስለ ባዶው እጄ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለካ ከእኔ በፊት አምስት ሰው እንደዚሁ በየተራ ወደ ጎን ጠርቶት ኖሯል። «እኔ እኮ ካርቶኑ ቀለለኝ ብዬ ነበር» አለ፣ እንባውን እየጠረገ።

አርባ አራት ካርድ ተሞላ፤ ሦስት ሰዎች ከተማ አልነበሩም። ሰኞ ጧት እሱ ራሱ ለሄራን አደረሰላት። ከሃምሳ ስምንቱ ጋር መቶ ሁለት ሆነ። ያለ እኔም ይሞላ ነበር፣ ይህን ደብቄ ራሴን ጀግና አላደርግም። ቢ-14 አልተዘጋችም። ጋሼ ጀማነህ ዛሬም ጧት ጧት ስሌቱን ጨርሶ ሰሌዳውን ያጠፋል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሚስስ ኬስለር አውቃ ከባድ ትተውለታለች፣ የዚያን ቀን ሥራው ይዘገያል።

በሦስተኛው ሳምንት ከዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ መጣልኝ። በልማዴ ወደ ቆሻሻው ልወረውረው ስል ቆም አልኩና ከፈትኩት። «ውድ ሚስተር ምንያህል፣ ስለ ልግስናዎ ከልብ እናመሰግናለን» ይላል። አባቴ ባዶ እጁን ሰው ካርቶን ውስጥ የሚያስገባ ሰው አልነበረም። ምስጋናው ለትክክለኛው ሰው ነው የደረሰው ብዬ ደብዳቤውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩለት።